አሥራ ሦስቱ ተግደርዳሪዎች

ሰኞ 3

ዛሬ አርባ ስምንት ሽበት አጠብኩ።

ለአክስቴ እንዲህ ብዬ ስነግራት «የሰው ነው የበግ?» አለችኝ። የዛፍ ነው። ዛፍ ቅርፊትና ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው፣ ዳር ዳሩ የሚጠቀለለው ግራጫ ነገር፤ ሰው ሁሉ የድንጋይ ሽበት የሚለው። ላቦራቶሪ ውስጥ ሊከን ነው የሚሉት። ሥራዬ እንዲህ ነው። ከጫካ የመጣው እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር በተጻፈበት የወረቀት ፖስታ ውስጥ ተቀምጧል። አወጣዋለሁ፣ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ፣ ሲለሰልስ አፈሩን፣ ገለባውንና ትንንሾቹን ነፍሳት በወረንጦ እለቅምለታለሁ። ከዚያ የጣት ጥፍር የምታህል ንጹሕ ቁራጭ ቆርጬ ክዳን ባላት ትንሽ የብርጭቆ ሳህን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ቁጥሩን ክዳኑ ላይ እጽፋለሁ። የተረፈውን ወደ ፖስታው እመልሳለሁ። አለቀ። መናገር የማይጠይቅ ሥራ ነው። ለዚህ ነው የምወደው።

አርባ ስምንቱም አንድ ዓይነት ናቸው ተብሏል፤ አንድ ስም፣ አንድ መልክ። ውሃ ሲሰጣቸው ግን አንድ አይደሉም። አብዛኞቹ ጠብታዋ ገና ከማረፏ ጭልጥ ያደርጓታል። አንዳንዶቹ ይግደረደራሉ። ጠብታዋ ጀርባቸው ላይ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብላ ቁጭ ትላለች፤ «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» እንደሚል እንግዳ። እስከ ሃያ፣ አንዳንዴም እስከ ሠላሳ ስቆጥር ነው የሚጠጡት። ለጨዋታ ያህል ቆጠርኳቸው። አሥራ ሦስት ተግደርዳሪዎች። ሲግደረደሩ ጦም ያድሩ አልኳቸው።

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ?

ማክሰኞ 4

እዚህ ቤት የማውቀው አራት ሰው ነው። ዶክተሯ አሉ፣ የሊከን ሊቅ። ኃላፊው አሉ፣ የክፍሉ አለቃ። አክስቴ አለች፣ ኮሪደሩን የምታጸዳው፣ ለኔም ዋስ ሆና ያስቀጠረችኝ። የዶክትሬት ተማሪዋም አለች፤ ለሷ በልቤ ጉድ ፈላ የሚል ስም አውጥቼላታለሁ። ዕቃ ሲሰበር «ጉድ ፈላ!» ትላለች። ሳይሰበር ሲውልም «ጉድ ፈላ! ዛሬ ምንም አልተሰበረም እኮ!»

ዛሬ ሽበቱ ምን እንደሆነ አስረዳችኝ። ሁለት ፍጥረት ነው አለች፤ ፈንገስና ዋቅላሚ። ዋቅላሚ ማለት ኩሬ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚንሳፈፈው ነገር ዘመድ ነው። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ ዋቅላሚው ከብርሃን ምግብ ያዘጋጃል፣ አብረው ይኖራሉ። ስም የሚወጣው ግን በፈንገሱ ነው። እሷ የምታስነብበውም የፈንገሱን ዲኤንኤ ነው፤ አራት ፊደል ብቻ ያለው ረጅም ጽሑፍ ነው አለችኝ። የሁለት ፈንገስ ጽሑፍ በጣም ከተመሳሰለ የቅርብ ዘመድ ናቸው፣ በጣም ከተለያየ የሩቅ። ኮምፒውተሩ ልዩነቱን ቆጥሮ የዘር ሐረጋቸውን ይስላል።

ይህንንም ለአክስቴ ነገርኳት። «አንዱ ቤት ይሠራል፣ አንዱ ያበስላል» ስላት አሰብ አደረገችና «ዕቃውን ማን ያጥባል?» አለች።

እኔ።

ጉድ ፈላ ትምህርት ለምን እንዳቆምኩ ጠይቃኝ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ስለታመመች ነው አልኳት። እውነት ነው። እናቴ ድና ከተነሳች ግን ሁለት ዓመት ሆናት።

ረቡዕ 5

ትሪው ወደቀ።

የምሳ ሰዓት ነበር። ማንም አላየም።

ሐሙስ 6

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልጻፈው።

የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ትሪ አይጫንም፤ የቤቱ ደንብ ነው። እኔ ግን ሁለቴ ላለመመላለስ የጉድ ፈላን አርባ ስምንት ሳህኖችና ከኃላፊው አሮጌ ሳጥን ያጠብኳቸውን ሌሎች ግራጫዎች አንድ ላይ ደርድሬ ተሸከምኩ። በሩ ጋ ስደርስ ክርኔን መታኝ። ሳህኖቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። አብዛኞቹ እንደተከደኑ ቀሩ። የስድስቱ ክዳን ተከፈተ። ቁጥሩ ያለው ክዳኑ ላይ ነው። ክዳኑ የተለየው ሳህን ስም የለሽ ነው።

ተንበርክኬ አንድ በአንድ መለስኳቸው። የቆረጥኳቸው እኔ ስለሆንኩ መልካቸውን አውቀዋለሁ። አንዱ የተቀደደ ጆሮ ይመስላል፣ አንዱ የተጨማደደ ጓንት። ልክ ነው የመለስኳቸው። እርግጠኛ ነኝ። እርግጠኛ ባልሆን ኖሮ እናገር ነበር።

ዓርብ 7

ጉድ ፈላ ትሪውን ወሰደች። «እጅሽ ይባረክ!» አለችኝ። ፈገግ አልኩ።

ፈገግ ማለት አልነበረብኝም።

ሐሙስ 13

ዶክተሯ ለሥራ ርቀው ሄዱ፤ የሚመለሱት በሚቀጥለው ወር መግቢያ ነው። ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ በሩን ከፈትኩላቸው። ከፍቼ እዚያው ቆምኩ መሰለኝ፣ «የምትነግሪኝ ነገር አለ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«መልካም መንገድ» አልኩ።

ሰኞ 24

ጽሑፉ ተነብቦ መጣ። ጉድ ፈላ ሐረጉን አትማ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። የተጋደመ ዛፍ ነው፤ ግንዱ በግራ፣ ቅርንጫፎቹ በቀኝ፣ በየጫፉ ላይ ቁጥር። ሠላሳ አምስቱ እንደ አንድ ቤት ልጆች ተኮልኩለዋል። አሥራ ሦስቱ እዚያ የሉም። ታች፣ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ናቸው። መሃላቸው አራት ሌሎች ስም ያላቸው ዓይነቶች ገብተዋል። ጎረቤት እንኳ አይደሉም።

«ጉድ ፈላ» አለች። በዝግታ። እንዲህ ስትለው ሰምቻት አላውቅም።

ሁሉም ወረቀቱን ያያል። እኔ ወለሉን አያለሁ።

ማክሰኞ 25

የዕቃ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ስስ ነው። ኃላፊው ገና ድምፃቸውን ሳያነሱ ነው የሚሰማው።

«ይህን ዝርያ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። ጫካውን የሞላው እሱ ነው። አሁን አንዲት ዕቃ አጣቢ ስትነካው ለሁለት ተከፈለ?»

«ልጅቷ ጠንቃቃ ናት» አለች ጉድ ፈላ።

«ከኔ ሳጥን ጋር ቀላቅላዋለች፣ ሌላ ምን ይሆናል? ሁለቱን ያጠበችው በአንድ ሳምንት ነው። አሥራ ሦስቱን አውጥተሽ ጣያቸው፣ በሠላሳ አምስቱ ጻፊ።»

«በሠላሳ አምስቱ ምን አዲስ ነገር እጽፋለሁ? የሦስት ዓመት ልፋቴ እኮ ነው!»

«በተበላሸ ናሙና ከመዋረድ ይሻላል። ልጅቷን ደግሞ ዶክተሯ ሲመለሱ እናሰናብታታለን።»

ቧንቧውን ከፈትኩት። ሰምታናለች እንዳይሉ። የታጠበውን ሳህን ደግሜ አጠብኩት።

ረቡዕ 26

አክስቴ ሰማች። ኮሪደር የሚወለውል ሰው የማይሰማው የለም።

«ቀላቅለሻል?»

«አልቀላቀልኩም።»

«እናቴ ትሙት በይ።»

ዝም አልኩ። እናቴ በስንት መከራ የተረፈች ናት፤ እንዴት ነው በሷ የምምለው? ደግሞ ከስድስቱ አንዱ እንኳ ቢሳሳት? አክስቴ ዝምታዬን በራሷ መንገድ ተረጎመችው።

«ዋስሽ እኔ ነኝ እኮ፣ አንቺ ልጅ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ መስኮት ሳልሰነጥቅ የሠራሁበት ቤት ነው። አንቺን ቢያባርሩ እኔ በየትኛው ፊቴ ነው ያንን ወለል የምወለውለው?»

«በመወልወያው» ልላት ፈልጌ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

ዓርብ 28

ጉድ ፈላ ማጠቢያው ጋ መጥታ ፊቷን ታጠበች። ስታለቅስ እንደነበር አወቅሁ። «በደህና ነው፣ ጉንፋን ነው» አለችኝ። «ይማርሽ» አልኳት።

ይማርሽ! እኔን ይማረኝ እንጂ።

ቅዳሜ 29

አክስቴ ገበያ ሄዳለች። ቤቱ ጭር ብሏል። የሚያናግረኝ ሰው ስለሌለ ይህን ደብተር ራሴ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ስጨርስ ቆምኩ።

አሥራ ሦስት ተግደርዳሪዎች።

ሐረጉ ላይ የተለዩት አሥራ ሦስት ናቸው።

እንዴት አላሰብኩትም? ሰው ሲፈራ ቁጥር እንኳ አይታየውም ማለት ነው። ተነስቼ ቆምኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። ግን ያን ቀን የቆጠርኩት ብዛታቸውን ነው፤ የትኞቹ እንደሆኑ አልጻፍኩም። ብዛት ደግሞ በአጋጣሚ ይገጥማል። ከአንድ ሰፈር አሥራ ሦስት ሰው ቢጠፋ፣ ከሌላ ሰፈር አሥራ ሦስት ሰው ቢገኝ፣ እነሱው ናቸው ይባላል? ስማቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስማቸው ፖስታቸው ላይ ነው። ፖስታዎቹ ትሪው ላይ አልነበሩም። አልወደቁም። በውስጣቸው የተረፈው ቁራጭ አለ።

እሑድ 30

ሰኞ መቼ ነው የሚሆነው?

ሰኞ 1

በምሳ ሰዓት አርባ ስምንቱንም ፖስታ አወጣሁ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። በየተራ ከየፖስታው ትንሽ ቁራጭ፣ አንድ ጠብታ፣ መቁጠር። የጠጣውን በቀኝ፣ የተግደረደረውን በግራ። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት እንዳላይ ጀርባዬን ሰጠሁት፤ አውቄ እንዳላዳላ።

በግራ አሥራ ሦስት ፖስታ ተከመረ። ይዣቸው ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ሰባት፤ አለ። አሥራ አንድ፤ አለ። አሥራ ዘጠኝ፤ አለ። ሃያ ስድስት ላይ ስደርስ እንባዬ ቁጥሩን ሸፈነብኝ፤ ጠርጌ አየሁት፤ አለ። አሥራ ሦስቱም አሉ። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም።

ማሽኑ ያነበበው ከወደቀው ትሪ ነው። እኔ ውሃ የሰጠሁት ካልወደቀው ፖስታ ነው። ሁለቱ ከተስማሙ አልቀላቀልኩም። ስድስቱንም ክዳን በየቦታቸው መልሻለሁ። ከዚህ ሁሉ ደግሞ የሚበልጠው፦ ተግደርዳሪዎቹ እውነት ሌላ ዘር ናቸው።

ይህን የማውቀው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ። ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ቁጭ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። አክስቴ በበሩ ብቅ ብላ «አበደችልኝ» ብላ ሄደች።

ማክሰኞ 2

አልተናገርኩም።

ጉድ ፈላ ሁለት ጊዜ አጠገቤ መጣች። ሁለቱንም ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ «ጓንት አልቋል» አልኳት። ጓንት አላለቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃውን ብቻ ብነግራቸው «አሁን ከምትባረር ብላ ነው» ይላሉ። ትሪውንም መናገር አለብኝ። ትሪውን ከተናገርኩ ደግሞ ኃላፊው «አላልኳችሁም!» ይላሉ። ንጹሕነቴን ለማሳየት መጀመሪያ ጥፋቴን ማሳየት አለብኝ። ሁለቱ የተጣበቁ ናቸው።

ሐሙስ 4

በወረቀት ጻፍኩት። ቀደድኩት። ደግሜ ጻፍኩት። «ይድረስ ለዶክተር» የሚለው ብቻ ቆንጆ ሆኗል።

ቅዳሜ 6

አክስቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ የምታናግረው ድስቱን ነው። «አንተ ድስት፣ አንተስ ቢሆን ስትገለበጥ ትናገራለህ» አለችው። እኔን ነው። ልነግራት አልኩና፣ ለሷ ቀድሜ ከነገርኩ ሰኞ ሳልደርስ ኮሪደሩ ሁሉ እንደሚሰማው ስለማውቅ ተውኩት። ከአፌ መስማት ያለባቸው ዶክተሯ ናቸው።

ሰኞ 8

ተናገርኩ።

ዶክተሯ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ ኃላፊውና ጉድ ፈላ ክፍላቸው ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ኃላፊው ስለ «ቅልቅሉ» ሲያስረዱ ሰማሁ። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም፤ ያወቅሁት ክፍሉ መሃል ቆሜ የታጠበ ሳህን በእጄ ይዤ ነው።

«ትሪው ወድቆብኝ ነበር» አልኩ።

«አላልኳችሁም!» አሉ ኃላፊው።

ድምፄ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር፤ ግን አልተበጠሰም። «ረቡዕ ለት ነው። የሁለት ሰው ሥራ አንድ ላይ ጭኜ ነበር። የተከፈቱት ክዳኖች ስድስት ናቸው። የተለዩት ግን አሥራ ሦስት ናቸው። ስድስት ክዳን ተከፍቶ አሥራ ሦስት ሊሳሳት አይችልም።»

ዶክተሯ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ለምን ያኔ አልተናገርሽም?» አሉኝ።

«ድምፄ እምቢ ብሎኝ።»

«አሁንስ ከየት መጣ?»

«ስድስት ከአሥራ ሦስት ስለሚያንስ ነው።»

ጉድ ፈላ ሳቋን በእጇ አፈነችው። ከዚያ ስለ ፖስታዎቹና ስለ ውሃው ነገርኳቸው። ተግደርዳሪ የሚለውንም ሳላስበው ተናገርኩት። ዶክተሯ ከሳጥናቸው ማንጠባጠቢያ አወጡና አንድ ፖስታ ከፈቱ። ጠብታዋ ቁጭ አለች። አራታችንም አጎንብሰን አየናት።

«ደረቅ ነገር ሁሉ ውሃ ይገፋል» አሉ ኃላፊው። «ፖስታ ውስጥ የከረመ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ የትኛው ቁጥር የት እንዳለ አስቀድማ ታውቃለች።»

ዶክተሯ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው። ስለዚህ የማታውቀው ነገር እንስጣታ።»

ረቡዕ 10

ጉድ ፈላ አዲስ ናሙና ልታመጣ ጫካ ሄደች። ስትወጣ ማጠቢያው ጋ መጥታ በሹክሹክታ «ካሳፈርሽኝ በዚያው ጫካ ነው የምቀረው» አለችኝ። እየሳቀች ነው። ግማሹን።

ዓርብ 12

ሃያ አዲስ ቁራጭ፣ ሃያ ቁጥር የሌለው ሳህን። የየትኛው ዛፍ የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት ዶክተሯ ብቻ ናቸው፤ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ኃላፊው እጃቸውን አጣጥፈው ከፊቴ ቆሙ። አክስቴ ያንኑ አንድ መስኮት ለሦስተኛ ጊዜ ትወለውላለች።

ጀመርኩ። ጠጪ፣ ቀኝ። ጠጪ፣ ቀኝ። ተግደርዳሪ፣ ግራ። ሦስተኛው ላይ መፍራቴን ረሳሁት። እነዚህን አውቃቸዋለሁ። ሰው ሲያየኝ እጄ የሚተሳሰረው እኔ፣ እጄ ራሱ እየሄደ ነው።

አሥራ አራተኛው ላይ ቆምኩ። ጠብታዋ ከግማሽ በኩል ጠፋች፣ ከግማሽ በኩል ቁጭ አለች። ሌላ ጨመርኩ። እንደዚያው። ሳህኑን መሃል አስቀመጥኩት።

«መሃል የሚባል የለም» አሉ ኃላፊው። «ወይ እዚህ ነው ወይ እዚያ።»

«አይደለም።»

ያልኩት እኔ ነኝ። የመወልወያው ድምፅ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«ሁለቱም ናቸው። ሁለት ሆነው ነው የበቀሉት። ድንበራቸው በዚህ ነው የሚያልፈው» ብዬ በወረንጦው አሳየኋቸው። ኃላፊው ጎንበስ ብለው አዩ፣ ምንም አልታያቸውም። «በሳይንስ ቤት ጠንቋይ ተቀጥሮልናል» አሉ። ማንም አልሳቀም።

በቀኝ አሥራ ሁለት፣ በግራ ሰባት፣ መሃል አንድ። ዶክተሯ ጽፈው ኃላፊውን፣ ጉድ ፈላንና እኔን አስፈረሙን። ፊርማ ስለሌለኝ ስሜን ጻፍኩ።

ሰኞ 15

ናሙናው ለንባብ ተልኳል። መልስ የለም።

አክስቴ ማናገር ጀምራለች። «ያ ‹አይደለም› ያልሽው ነገር» አለችኝ። «እ?» «ምንም። ጨው አቀብዪኝ።»

ዓርብ 19

የለም። ያ አሥራ አራተኛው በሕልሜ መጣ። ወደ ግራ አድርጌው ቢሆን ይሻል ነበር? አንዱ ሲሳሳት ሁሉም ተሳስቷል ነው የሚባለው። ለምን መሃል አስቀመጥኩት? ዝም ብል ማን ይታዘበኛል?

ግን እኮ ሁለት ነው።

ማክሰኞ 23

መጣ!!!

በሥርዓት ልጻፈው። እጄ ግን ይፈጥናል።

ጉድ ፈላ ኮምፒውተሩ ላይ ነበረች። ዶክተሯ የታጠፈውን ወረቀት አወጡና አንድ በአንድ ያነብባሉ፣ እሷ ከሠላሳ አምስቱ ጋር ከሆነ ቀኝ፣ ከአሥራ ሦስቱ ጋር ከሆነ ግራ እያለች ሐረጉ ላይ ትፈልጋለች። «አንድ፣ ቀኝ ያለችው።» «ቀኝ!» «ሁለት፣ ቀኝ።» «ቀኝ!» «ሦስት፣ ግራ።» «ግራ! ኧረ ግራ ነው!» አሥር ሲደርሱ ድምፃቸው ኮሪደር ደርሶ አክስቴ መወልወያዋን እንደያዘች ገባች። ማንም አትግቢ አላላትም።

አሥራ ዘጠኙም ገጠሙ። አሥራ ዘጠኝ ከአሥራ ዘጠኝ!

አሥራ አራተኛው ግን ሐረጉ ላይ የለም። ኃላፊው «ይኸው» አሉ። «አልተነበበም። ተበላሽቷል።»

ጉድ ፈላ ማሽኑ የላከውን ጥሬውን ንባብ ከፈተች። የሌሎቹ ፊደላት እንደ ጥርት ያሉ ጉብታዎች ተራ በተራ ይመጣሉ። የዚህኛው ግን በየቦታው ሁለት ሁለት ጉብታ ተደራርቦ ነው። ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አልተበላሸም» አሉ። «ሁለት ሰው በአንድ አፍ ሲናገር ነው። ሁለት ፈንገስ ነው ያነበበው።» ከዚያ ዞር ብለው ያዩት ኃላፊውን አይደለም፣ እኔን ነው። «ልጄ፣ ይህን በጠብታ ውሃ ነው ያየሽው?»

«አዎ።»

«ጉድ ፈላ!» ብላ ጮኸች ጉድ ፈላ፤ ዛሬ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛው ቦታ አለችው። አቅፋ አሽከረከረችኝ። አክስቴ ደግሞ መወልወያዋን ወለሉ ላይ መታችና «ዋሷ እኔ ነኝ!» አለች፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም፣ ለግድግዳው ሁሉ። «የእህቴ ልጅ ናት! ዋሷ እኔ ነኝ!»

ኃላፊው ቀስ ብለው ወጡ። በሩን ግን ወርውረው አልዘጉትም።

ረቡዕ 24

አሥራ አራተኛውን እኔ ባሳየሁት ድንበር ላይ ለሁለት ቆርጠን ለየብቻ ላክነው።

ሰኞ 6

አንዱ ቀኝ። አንዱ ግራ።

ዶክተሯ ሰብስበው አስረዱን። ሁለቱ ፈንገሶች ከረጅም ዘመን በፊት ከተለያየ ቤት የመጡ ናቸው። አንድ ዓይነት ዛፍ ላይ፣ አንድ ዓይነት ንፋስና ጥላ ውስጥ ስለኖሩ መልካቸው እየተቀራረበ መጣ፤ ዘራቸው ግን አልተቀራረበም። ሰው ሁሉ መልክ አይቶ አንድ ስም ሰጣቸው። ሠላሳ አምስቱ የድሮውን ስም ይዘው ይቀራሉ። አሥራ ሦስቱ ስም የላቸውም። እስከ ዛሬ በሌላ ሰው ስም ሲጠሩ ነው የኖሩት። የጉድ ፈላ የዶክትሬት ጽሑፍ አሁን ስለነሱ ይሆናል። እኔም አልሰናበትም፤ ከማጠቢያው ክፍል ወደ ናሙና ክፍሉ ተዛውሬያለሁ። ቁጥር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የሚጻፈው ሳህኑ ታች ላይ ነው፤ ደንቡን ያስለወጥኩት እኔ ነኝ።

አክስቴን ማታ «ሰው እኔና አንቺን እናትና ልጅ ነው የሚለን» አልኳት። «እነሱ ውሃ አላንጠባጠቡብንም» አለች።

ረቡዕ 8

አዲስ ዓይነት ስም ሲወጣለት ከናሙናዎቹ አንዱ ተመርጦ ለዘላለም ይቀመጣል። ወደፊት በማንኛውም አገር ያለ ሰው «የኔ እሱ ነው ወይ?» ብሎ ሲጠራጠር የሚመሳከረው ከዚያ ከአንዱ ጋር ነው። ዛሬ እሱን የመምረጫ ቀን ነበር። አሥራ ሦስቱ ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ።

ኃላፊው ትልቁንና ውቡን አነሱ፤ እንደ ጽጌረዳ የተዘረጋውን። «ይሄ ነው መቀመጥ ያለበት። ሰው ሲያየው የሚያምር።»

ጉድ ፈላ ልትስማማ ነበር። ዶክተሯ ወደኔ አዩ።

«አይሆንም» አልኩ። ልቤ አልዘለለም። «ታች፣ በስተጀርባው በኩል፣ ጠጪው አብሮት በቅሏል። ትንሽ ነው። ግን አለ። ለዘላለም የሚቀመጠው ንጹሑ መሆን አለበት።» ትንሹን አነሳሁ፣ ሃያ ስድስት ቁጥርን፤ ዳሩ የተቀደደውን። «ይሄ ብቻውን ነው።»

ኃላፊው ውቡን ወስደው ገለበጡትና በማይክሮስኮፑ ማየት ጀመሩ። ብዙ ቆዩ። ጉድ ፈላ ጥፍሯን በላች። በመጨረሻ ቀና አሉና ዓይናቸውን አሹ።

«አለ» አሉ። «ሃያ ዓመት ስመለከተው፣ አንድ ቀን ገልብጬው አላውቅም።» ውቡን በራሳቸው እጅ ወደ ፖስታው መለሱት። ከዚያ ሃያ ስድስትን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ። «ያንቺ ይቀመጥ።»

ዶክተሯ አዲሱን ፖስታ አመጡ፤ ወፍራም ወረቀት፣ ፊቱ ላይ መስመሮች አሉት። ቦታ። ቀን። የዛፉ ዓይነት። ሰብሳቢ፤ ጉድ ፈላ እውነተኛ ስሟን ጻፈችበት። ከሱ በታች «የለየው ሰው» የሚል ባዶ መስመር ነበር። ብዕሩ ተቀባብሎ እኔ ጋ ደረሰ። ለማን እንደማቀብለው ፈለግሁ።

«ማንን ትፈልጊያለሽ?» አሉ ዶክተሯ። «ጻፊ እንጂ።»

ጻፍኩ። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም።

ጉድ ፈላ በትከሻዬ በኩል አጮልቃ «አያትሽን ደግሞ ማን ይለዩ አላቸው?» አለች።

ሁሉም ሳቁ፤ ኃላፊውም ጭምር። እኔ ግን እስከ ቅድመ አያቴ ቀጠልኩ። መስመሩ በቃኝ።